የቁምሳጥኑ ጉሬዛ

እኛ ቤት ቁምሳጥን ውስጥ ጉሬዛ ትኖር ነበር። ሰው ለማሳቅ ብዬ አይደለም። አምስት ዓመቴ ሳለ እርግጠኛ ሆኜ ከማውቃቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ይሄ ነበር። አባቴ ጢሞቴዎስ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና እንደሚነዳ አውቃለሁ። የአባቴ እናት፣ እማማ ሠርካዲስ፣ ስትጸልይ ጎረቤት እስኪሰማ እንደምትጮህ አውቃለሁ። እናቴ ሄራን ደግሞ አያቴ ከቤት በወጣች ቁጥር ቁምሳጥን ውስጥ እንደምትገባ፣ ጉሬዛዋ እንደምትውጣት፣ ቆይታም መልሳ እንደምትተፋት አውቃለሁ። ይሄን የመጨረሻውን ለማንም አልተናገርኩም። የቁምሳጥኑ ቁልፍ ያዥ እኔ ነበርኩ፣ ቁልፍ የያዘ ሰው ደግሞ አፉንም መያዝ አለበት።

ቤቱ ጉለሌ ነው፣ ከዊንጌት ወደ ላይ በሚወጣው ጠባብ መንገድ ዳር። የአያቴ ቤት ነበር። እናቴ ስታገባ «ለጊዜው» ተብላ ነው የገባችው። ለጊዜው የሚሉት ነገር እኛ ሰፈር ዕድሜው ረጅም ነው።

ቁምሳጥኑን ሟቹ ወንድ አያቴ ከጽድ እንጨት ያሠራው ነው። የቤቱ በር ገና ሳይጠብ የገባ ስለሆነ ከዚያ ወዲያ ሊወጣ የሚችልበት መንገድ አልነበረም። መዝጊያው ላልቶ ስለነበር በቁልፍ ካልተቆለፈ በራሱ ጊዜ ሲጢጥ እያለ ይከፈታል። ረቡዕ ረቡዕ አያቴ ለጸሎት ቸርች ትሄዳለች። እሷ ከግቢው በር ስትወጣ እናቴ ልብሱን ሁሉ አልጋ ላይ ትቆልልና በቁምሳጥኑ ውስጥ ዙሪያውን ጋቢ ትሰቅላለች። ከሥር ፍራሽ ታነጥፋለች። ከግድግዳው ሶኬት ነጭ ገመድ ስባ በቁምሳጥኑ በር ሥር ታሾልካለች፣ ጆሮዋ ላይ ጥቁር ነገር ትደፋለች፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ ትገባለች።

«ቆልፊ ኢየሩ። ሳንኳኳ ክፈቺልኝ። ካላንኳኳሁ አልጨረስኩም ማለት ነው።»

ቆልፌ አልጋው ላይ እወጣና እግሬን አንጠልጥዬ እጠብቃለሁ። መጀመሪያ ሳል ይሰማል። ቀጥሎ ዝም ይላል። ከዚያ ጉሬዛዋ ትመጣለች።

«ቅጠሌን ማን በላው? እህ? እሺ ቅርንጫፌንስ ማን ነቀነቀው?»

ቀጭን፣ በአፍንጫ የሚወጣ፣ ሲስቅ የሚያሳክክ ድምፅ ነበር። ያንኑ ነገር ደጋግማ ትለዋለች። አንዴ እየሳቀች፣ አንዴ እያኮረፈች፣ አንዴ ልታለቅስ ስትል። ጋቢውና ልብሱ ድምፁን ስለሚያፍነው ከሩቅ ጫካ የሚመጣ ይመስላል። አንዳንዴ መሀል ላይ በውጭ በኩል «ቆራሌው!» የሚል ሰው ያልፋል። ያኔ ከቁምሳጥኑ ውስጥ የእናቴ የራሷ ድምፅ ይወጣል፤ «ወይ አንተ ሰውዬ፣ ነፍሴን ልታወጣው ነው!» እኔ እናቴ በግድ አፏን ነጻ አውጥታ የጮኸች ይመስለኝና ቁልፉን አጥብቄ እይዛለሁ። እናቴ ስታንኳኳ እከፍታለሁ። ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፎ፣ ቀሚሷ በላብ ረጥቦ፣ ዓይኗ ግን ቦግ ብሎ ትወጣለች። የሚያስፈራኝ ይኸው ፊቷ ነበር።

ዛሬ የዚያን ፊት ስም አውቀዋለሁ። ደስታ ነው። ያኔ ግን እናቴ እዚያ ቤት ውስጥ ደስ ሲላት አይቼ ስለማላውቅ የታመመች መስሎኝ ነበር።

ከቁምሳጥኑ ስትወጣ ይዛት ከገባችው ትንሽ መሣሪያ ላይ አንዲት ጥቁር ስስ ነገር ነቅላ የኔ ካልሲ ውስጥ ትከታታለች። የጉሬዛዋ ጥፍር ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። በማግስቱ «የእማማን የግፊት መድኃኒት ጳውሎስ ካሉት ፋርማሲዎች ልግዛ» ትልና እጄን ይዛኝ ትወጣለች። መድኃኒቱን እንገዛለን፣ ስንመለስ ግን ዊንጌት ታክሲ ተራ ላይ ኤርሚያስ የሚባል ቦርሳ ያነገተ ሰው ይጠብቀናል። ቁና ቁና እየተነፈሰ ቁጢጥ ይልና ከካልሲዬ ውስጥ ጥፍሯን ያወጣል። «የኔ ፖስተኛ» ይለኛል። ከዚያ ሁለቱ ከጭንቅላቴ በላይ ያወራሉ።

«ስቱዲዮ ብትመጪ እኮ በአንድ ቀን የምንጨርሰው ነው። ባለፈው የላክሽው ላይ የዶሮ ድምፅ አለ።»

«አይሆንም አልኩህ። አማቴን አታውቃትም። ቁምሳጥን ውስጥ ነው የምሠራው ብልህ አታምነኝም አይደል?»

«እስከ መቼ?»

«አዲሱ ገበያ አንድ ክፍል አግኝቻለሁ። ጢሞ ከመንገድ ሲመለስ ቁርጥ አድርጌ እነግረዋለሁ። ኢየሩን ይዤ መውጣቴ ነው።»

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት «አንድ ክፍል አግኝቻለሁ» የሚለውን ብቻ ነበር። ለጉሬዛዋ ክፍል ተገኘላት፣ ከኛ ቤት ልትወጣ ነው ብዬ እስከ ቤት ድረስ እየዘለልኩ ሄድኩ።

አያቴን ክፉ አድርጌ እየሳልኳት ከሆነ ልመለስ። ገላዬን የምታጥበኝ እሷ ነበረች፣ ሳሙናው ዓይኔ እንዳይገባ በመዳፏ ግንባሬ ላይ ጥላ እየሠራች። መዝሙር ያስተማረችኝም እሷ ናት። ግን በሷ ዓይን ዓለም ለሁለት የተከፈለች ናት፤ የጌታ የሆነውና ዓለማዊው። እናቴ ከመዳሯ በፊት ኳየር ትዘምር ነበር፣ በጎን ደግሞ ሬዲዮ ድራማ ላይ ትሠራ ነበር። አያቴ ሙሽራዋን ስትቀበል «ጌታ የሰጠሽን ድምፅ ለተረት አታውዪው» አለቻት ይባላል። ሥራ ፍለጋ ልውጣ ባለች ቁጥር መልሱ አንድ ነበር። «ባልሽ መንገድ ላይ ነው። አንቺም መንገድ ከወጣሽ ቤቱን ማን ሊጠብቀው ነው?» አባቴም ስልክ ሲደውል «እስክመጣ እማዬን እሺ በያት» ይላል። ሲመጣ ተኝቶ ይሰነብትና ይሄዳል። ቴሌቪዥናችን ዳንቴል ለብሶ ይውላል፤ የሚገለጠው ለስብከት ብቻ ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት የምሮጠው ግድግዳ ወደምንጋራቸው ወደ እትዬ የዓለምወርቅ ቤት ነበር። እትዬ የዓለምወርቅ የማርያም ሥዕላቸው ሥር ትልቅ ቴሌቪዥን አላቸው። የልጅ ልጃቸው ሄርሜላ የኔ እኩያ ናት። ምንጣፍ ላይ ተንጋለን «የዋርካው ልጆች»ን እናያለን። ለሕፃናት የሚሆን የካርቱን ተከታታይ ነው። አንድ ትልቅ ዋርካ አለ፣ እዚያ ላይና ሥር እንስሳት ይኖራሉ። በዝግታ የሚናገረው ኤሊ፣ ሁሉ ነገር የሚያስደነግጣት ጃርት፣ እና ነጭ ጅራቷን እንደ ገመድ እያወዛወዘች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ የምትዘል ጉሬዛ። ስሟ ዥዋዥዌ ነው። ሁሉም ዥዌ ይሏታል።

የመጀመሪያ ቀን አፏን ስትከፍት ቆሎው ከእጄ ወደቀ።

«ቅጠሌን ማን በላው? እህ?»

«ያቺ ናት!» አልኩ። «የኛ ቁምሳጥን ውስጥ ያለችው ያቺ ናት!»

«ውሸታም» አለችኝ ሄርሜላ፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል።

ውሸት አይደለም። ነገሩ ያን ቀን ግልጽ ሆነልኝ። የቁምሳጥናችን ጀርባ ለቴሌቪዥኑ ዓለም በር ነው። ዥዌ ረቡዕ እኛ ቤት መጥታ የእናቴን ጉሮሮ ትወስዳለች፣ ቅዳሜ ለሕዝብ ትናገርበታለች። እናቴ ደግሞ እምቢ ማለት የማትችል ሠራተኛዋ ናት። የፈራሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። አንድ ረቡዕ መልሳ ባትተፋትስ?

አንድ ቅዳሜ ዥዌ የዛፉ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ቀረች። ደጁ ላይ ድንጋይ ተንከባለለ። ከውስጥ «ጨለመብኝ፣ ማንም አይሰማኝም?» እያለች ስታለቅስ አብሬያት ማልቀስ ጀመርኩ፣ እትዬ የዓለምወርቅ አቅፈውኝ አልቆም አለኝ። ሮጬ ቤት ስገባ እናቴ ደጅ ላይ ልብስ እያጠበች ነው። በአረፋ የተሞላ እጇን ያዝኩት።

«መቼ ነው የምትለቅሽ?»

«ማ?»

«ዥዌ።»

ወደ ማድ ቤት ዞር ብላ አየች። አያቴ እዚያ ነበረች። እናቴ እርጥብ እጇን አፌ ላይ ጫነችው፤ የሳሙናው ጣዕም አሁንም ትዝ ይለኛል። «ይሄን ስም እዚህ ቤት ውስጥ አትጥሪው። ሄርሜላ ቤት ብቻ። እሺ የኔ ቆንጆ? ዝም አይነቅዝም።» እሺ አልኩ። ቃሌንም ጠበቅኩ። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ ቤት ጣሪያ ሥር ያን ስም ያነሳ ሰው የለም፤ እስከ ዘንድሮ ድረስ።

ያ ረቡዕ የመጣው ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነው። የቸርቹ አዳራሽ ቀለም እየተቀባ ነበርና የጸሎት ሰዎቹ «ሠርካዲስ ቤት እንጸልይ» ተባብለው አያቴን ተከትለው መጡ። እኔ አልጋው ላይ ነኝ፣ ቁልፉ እጄ ላይ ነው። እናቴ ቁምሳጥን ውስጥ ናት። ጆሮዋ ተደፍኗልና የግቢው በር ሲከፈት አልሰማችም፣ ጫማቸውን ደጅ ላይ ሲያራግፉም አልሰማችም። የመኝታ ቤቱ መጋረጃ ሲገለጥ ዥዌ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እየሳቀች ነበር። ያ የሚያሳክክ ሳቋ ሄደ ሄደና ወደ ለቅሶ ዞረ፣ ከለቅሶው መልሶ ወደ ሳቅ።

ሴቶቹ ባሉበት ደርቀው ቀሩ። ፊት ለፊት የቆመው ወንድም ኢታና ነበር፤ ረጅም፣ ጎሚስታ የሚሠራ፣ እጁ ሁልጊዜ ጎማ ጎማ የሚሸት ሰው።

«ሄራን የት ናት?» አለችኝ አያቴ።

በጣቴ ቁምሳጥኑን አሳየኋት።

«ማን ቆለፈባት?»

«እኔ።»

«ለምን?»

«እሷ እንዳትወጣ ነዋ» አልኩ። እኔ ስለ ጉሬዛዋ ነበር የማወራው። ከሴቶቹ አንዷ «ኢየሱስ!» ብላ ደረቷን ያዘች።

ጴንጤ ቤት ያደገ ሰው ቀጥሎ የሆነውን መገመት አያቅተውም። ከታወቀች ሴት ጉሮሮ ያልታወቀ ድምፅ ከወጣ ነገሩ አንድ ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። ወንድም ኢታና ሁለት መዳፉን የቁምሳጥኑ በር ላይ ለጥፎ መጸለይ ጀመረ። ሌሎቹም ተከተሉ። ቤቱ በጩኸት ተሞላ፣ ቆርቆሮው ሳይቀር የሚጸልይ መሰለ። እኔ ደስታዬን አልችለው አልኩ። በመጨረሻ አዋቂዎቹ ደረሱላት። በመጨረሻ እናቴን ሊያወጧት ነው።

የጉሬዛዋ ድምፅ ድንገት ተቋረጠ።

«አንተ መንፈስ» አለ ወንድም ኢታና፣ «በኢየሱስ ስም እጠይቅሃለሁ፣ ስምህ ማነው?»

ከውስጥ ምንም የለም። ዝምታው ረዘመ። አውሬዋ እናቴን ልብላት ወይስ ልተዋት እያለች የምታስብ መስሎኝ ነበር። ለካ የምታስበው እናቴ ናት። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው የነገረችኝ። ማዳመጫውን ከጆሮዋ ስታወርድ የወንድም ኢታናን ጸሎት ሰማች። ጨለማው ውስጥ ጉልበቷን አቅፋ ቁጭ ብላ ሁለት መንገድ ታያት። «እኔ ነኝ፣ የካርቱን ድምፅ እየቀረጽኩ ነው» ብላ ትወጣለች፤ መሣሪያው ይወሰዳል፣ ባሏ ይጠራል፣ የአዲሱ ገበያው ክፍል ይቀራል። ወይም ደግሞ የሚፈልጉትን ሆና፣ ወጣልኝ ብላ ትገላገላለች፤ በሚቀጥለው ረቡዕም ሥራዋን ትቀጥላለች። ተዋናይ ናት፣ ሁለተኛው ቀለላት።

«ስም የለኝም» አለች፣ በጉሬዛዋ ድምፅ።

«ከየት መጣህ?»

«ከጫካ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያለህባት?»

«ከተዳረች ጀምሮ።»

ሴቶቹ ተንጫጩ። እናቴ ይሄን ስትነግረኝ «እሱን አስቤ አልተናገርኩትም፣ አምልጦኝ ነው» ብላ ሳቀች፣ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ።

እኔ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል የማየው አያቴን ነበር። ሁሉም ዓይኑን ጨፍኗል፣ የሷ ተከፍቷል። ወደ ወለሉ ነው የምታየው። ከቁምሳጥኑ ሥር የወጣው ነጭ ገመድ እግሯ አጠገብ ነበር። በቀስታ ረገጠችውና በጫማዋ ጫፍ እየገፋች አልጋው ሥር ከተተችው። ጅራቷን ያዘቻት አልኩ በልቤ፤ ጎበዝ አያቴ።

ከዚያ ቁልፉን ከእጄ ወስዳ ከፈተች። እናቴ በላብ ተነክራ ወለሉ ላይ ወደቀች፣ ቸርች ውስጥ ሰዎች ሲወድቁ እንዳየችው አድርጋ። «ነጻ ወጣች! ሃሌሉያ!» ሁሉም እሷ ላይ ጎንበስ ሲሉ አያቴ ግማሽ አካሏን ቁምሳጥኑ ውስጥ አስገባች። ስትወጣ ነጠላዋ ውስጥ የጠቀለለችው ነገር ነበር። አንድ ጊዜ ገለጥ ሲል አየሁት፤ ጥቁር፣ ክብ፣ ስፖንጅ መሳይ፣ ዓይን የሌለው ጭንቅላት። ጉሬዛዋን አንገቷን ቆርጣ ነው ብዬ አመንኩ። ማንም ሳያያት ወደ ክፍሏ ወስዳ ሳጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት።

እናቴ ያሰበችው «የሚቀጥለው ረቡዕ» አልመጣም። እንዲህ ያለ ነገር ወጥቶ የሚቀር አይደለማ፣ ባዶውን ቤት ካልጠበቁት ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ይጠብቋት ጀመር። ጾም ታወጀላት። የጸሎት እህቶች በተራ እየመጡ አብረዋት ይውላሉ፤ ሽንኩርት ስትከትፍ አብረዋት፣ ሽንት ቤት ስትሄድ በሩ ላይ። መድኃኒት መግዛት ለሌላ ሰው ተሰጠ። የቁምሳጥኑ ቁልፍ የአያቴ አንገት ላይ ተንጠለጠለ፣ እናቴ ልብስ ስትፈልግ አያቴን ታስከፍታለች። መቅረጫ ዕቃዋ የት እንደገባ ልትጠይቅ አትችልም፤ ከጸሎት ሰዎቹ አንዷ የመንፈሱ ዕቃ ብላ ያቃጠለችው ይመስላት ነበር። ኤርሚያስ ታክሲ ተራው ላይ ስንት ቀን እንደቆመ እግዜር ይወቀው።

እሁድ ደግሞ ምስክርነት አለ። ነጻ የወጣ ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ ይመሰክራል። እናቴ ማይክራፎኑን በሁለት እጇ ያዘች። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ጠበቃት። «በውስጤ የነበረው ወጥቷል» አለች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ወንድም ኢታና ፊት ወንበር ላይ ሆኖ እሱም ያለቅስ ነበር። እኔ በኩራት ልፈነዳ ደረስኩ። አሁን ሳስበው እናቴ ወደ ራሷ ቤት የሚያስወጣትን መንገድ ሁሉ በዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው የዘጋችው። «ከዚያ በኋላ ምን አፍ አለኝ?» አለችኝ ካደግኩ በኋላ። «በጌታ ስም ቀለድኩባችሁ ልበል? ሰውዬው ስለኔ ብሎ ውሃ እንኳ ሳይቀምስ የሰነበተ ነው። ከውስጥ የቆለፍኩት እኔው ነኝ፣ ኢየሩ።»

አባቴ ተጠርቶ መጣ። ያኔ ስለ አዲሱ ገበያ ክፍል ማን ያንሳ? መንፈስ የለቀቃትን ሴት ብቻዋን ቤት ተከራይተሽ ኑሪ የሚል ባል የለም።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ እነ ሄርሜላ ቤት ዥዌ አፏን ስትከፍት ሌላ ድምፅ ወጣ። ወፈር ያለ፣ ጥሩ ድምፅ ነው። ሄርሜላ ልዩነቱን አላወቀችውም። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ፤ ከእናቴ ወጥታ ሌላ ሴት ውስጥ ገብታለች። ሮጬ ለእናቴ በጆሮዋ ነገርኳት። ምንጣፍ እየጠረገች ነበር፣ አጠገቧ የተራዋ እህት ተቀምጣለች።

«ድምፅዋ ተቀየረ። ሌላ ሴትዮ ጋ ሄደች።»

እናቴ መጥረጊያውን ያዝ አደረገችው።

«ጎበዝ ናት?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«አዎ።»

ራሷን ነቀነቀችና መጥረጓን ቀጠለች። ደስ የሚያሰኝ ዜና ይዤላት የመጣሁ መስሎኝ ስለነበር ለምን እንዳላቀፈችኝ አልገባኝም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዕድሜ ሄደ። እናቴ ሌላ ቤት አልኖረችም፣ ሌላ ሥራም አልሠራች። አያቴ ዓይኗ ደከመ፣ ጉልበቷም ከዳት፤ የምታጥባት፣ የምታጎርሳት፣ ሌሊት የምታገላብጣት እናቴ ሆነች። አንዳንዴ እኔ እበሳጫለሁ። «እንዴት አስቻለሽ?» እላታለሁ። መልሷ አንድ ነበር። «አማቴ እኮ ከልቧ ነው የጸለየችልኝ። እኔ ነኝ የዋሸሁ፣ እሷ ምን በደለች? የሚፈራልሽ ሰው ላይ ቂም አይያዝም።» በዚህች አንዲት ነገር ነው ያን ሁሉ ዓመት የቆመችው።

ዘንድሮ ሰፈሩ ለልማት ይነሳል ተባለ፣ ምትክ ኮንዶሚኒየም ተሰጠን። አባቴ ቀድሞ ሄዶ አዲሱ ቤት ዕቃ ይቀበላል። በመጨረሻው ቀን የቀረን ቁምሳጥኑ ብቻ ነበር። በበሩ አይወጣ፤ አናጺው ቶለሳ ደጅ ላይ መዶሻውን ይዞ «ልበትነው ወይስ?» እያለ ይጠብቃል። አያቴን ሳጥኗ ላይ አስቀምጠን ጋቢ ደርበንላታል። ሳጥኑን ማንም እንዲያነሳባት አልፈቀደችም።

እናቴ ባዶውን ቁምሳጥን እያየች ቆየች። ከዚያ እንደ ልጅ ፈገግ አለች።

«ቁልፉን አምጪው እስቲ።»

ከአያቴ አንገት ላይ ፈታሁት። እናቴ ጎንበስ ብላ ገባች። ጉልበቷ ቀጭ አለ። ቆለፍኩ። አልጋው ስለተወሰደ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ሳል ተሰማ። ቀጥሎ ዝም አለ። ከዚያ ከሃያ ዓመት ወዲህ ያልሰማሁት ድምፅ መጣ፣ ሻክሮ፣ ጫፍ ጫፉ ተበልቶ፣ ግን ራሱ።

«ቅጠሌን ማን በላው? እህ?»

እየሳቅኩ ዕንባዬ መጣ። ከኋላዬ አያቴ ቀና አለች።

«ዥዌ ናት?» አለች።

ሳቄ ቆመ። «ማን ናት ነው ያልሽው፣ እማማ?»

«ዥዌ ነቻ። የየዓለምወርቅ ቴሌቪዥን ላይ የነበረችው፤ ያቺ ነጭ ጅራቷ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎመን እየቀነጠስኩ በመስኮታቸው ሥር እሰማት ነበር። አቤት ስታስቀኝ።»

«ያኔ? ጸሎት ከመጸለዩ በፊት?»

«ታዲያ መቼ? የሄራንን ድምፅ እኔ ላጣው? ስድስት ዓመት አንድ ቤት ኖረን።» እጇን ሳጥኗ ላይ አሳረፈች። «ያቺ ማይክራፎኗም እዚሁ ናት። አልጣልኩባትም።»

«ካወቅሽ ለምን አስጸለይሽባት?»

የማታይ ዓይኗን ወደ ቁምሳጥኑ አዙራ ነበር። የነገረችኝ በለሰለሰ ድምፅ ነው፣ ድሮ ገላዬን ስታጥበኝ እንደምታወራኝ።

«ቤት እያየች እንደሆነ ሰምቼ ነበር። ሥራ ያላት ምራት ትሄዳለች፣ ልጄ። አንቺን ይዛ ትሄድብኛለች። መንፈስ ያለባት ምራት ግን ቤቷ ትቀመጣለች። ኢታና ሲጀምር ዝም አልኩ። እሷም እውነቱን አላወጣችም። ከዚያ ወዲያ ሁለታችንም እንዳፈርን ቀረን።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላሉ። ያን ሁሉ ዓመት በአንድ ሰሃን በልተዋል፤ አንዷ ዋሸሁ ብላ፣ አንዷ ሌላኛዋ መዋሸቷን እያወቀች። ተናደድኩ። አያቴን ልይዛት፣ ልነቀንቃት ፈለግኩ፣ ግን ድሮ ግንባሬ ላይ ጥላ ትሠራበት የነበረው እጇ ጋቢው ላይ አርፎ ነበር፣ ያን እጅ ደግሞ እወደዋለሁ።

ከቁምሳጥኑ ምንም አይሰማም። ያ ያኔ የሰማሁት ዝምታ ነበር፤ አሁን ግን ማን እያሰበ እንደሆነ አውቃለሁ። ቀጭኑ የጽድ በር ጋቢ የለበትም፣ ፍራሽ የለበትም፣ እናቴ ቃል በቃል ሰምታለች። እንድታንኳኳ ጠበቅኩ። አላንኳኳችም። ደጅ ላይ የጭነት መኪናው ጡሩምባ ነፋ።

አላስቻለኝም፣ ከፈትኩ። እናቴ ጉልበቷን አቅፋ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ብርሃኑ ፊቷ ላይ ሲያርፍ ዓይኗን ጨፈነች። አያቴ ከሳጥኗ ላይ ሆና «ሄራን» አለች፣ «ልጄ፣ መኪናው መጥቷል መሰለኝ።» እናቴ ፊቷን ወደ እኔ መለሰች። ለእኔ ነው የተናገረችው።

«ዝጊው ኢየሩ። አልጨረስኩም።»

ዘጋሁት። ቆለፍኩት። ለቶለሳ ቆይ አልኩትና ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ከውስጥ ለቅሶ መጣ። ቀጭን አልነበረም፣ በአፍንጫ አልወጣም፣ ማንንም አያስቅም። ከዚያ ቁምሳጥን የእናቴን የራሷን ለቅሶ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።